ግራናዳን ያየ ልጅ ጎንደር ሲገባ፦ ከዛሪማ እስከ አዲስ ዓለም

ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። "ዓ.ም." ያላልንባቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ባለፈው ክረምት በአውሮፓ የምትኖረው እህታችን ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ዛሪማ መጣች። ትልቁ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። ከመምጣታቸው በፊት ቤተሰቡ ስፔን ሄዶ የግራናዳን አሮጌ ከተማ በእግር ዞሮ ነበርና ልጁ ስልኩን ይዞ ለአባታችን ፎቶ ሲያሳይ ሰነበተ። ኮረብታ ላይ የተቀመጠው ቀዩ አልሃምብራ፣ ከሥሩ የሚፈሰው ዳሮ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ነጫጭ ቤቶቹ እርስ በርስ የተደጋገፉ የሙስሊሞች ሰፈር አልባይሲን፣ ሁሉም በስልኩ ውስጥ አሉ። አባታችን መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ ካየ በኋላ ጠየቀው።

"እነዚህን ቤቶች የሠሩት ሰዎች ዘሮች አሁን እዚያ አሉ?"

ልጁ እናቱን አየ። እናቱ መለሰች፦ "የሉም አባዬ። ከተማዋ በ1492 ተያዘች። መጀመሪያ ሃይማኖታችሁን ጠብቃችሁ ትኖራላችሁ ተባሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተጠመቁ ወይም ውጡ ተባሉ። የተጠመቁትንም ልጅ ልጆቻቸውን ከ1609 ጀምሮ ከአገር አስወጧቸው። በአልባይሲን አሁን ያለው ትልቁ መስጂድ የተከፈተው በ2003 ነው።"

ልጁ ስልኩን ዘጋና "ታዲያ እኛ እንደዚህ ያለ ከተማ አለን?" አለ።

አባታችን ሳይቸኩል "ጎንደር አለልህ፤ ነገ በጠዋት እንሄዳለን" አለው።

የምንነግራችሁ የዚያን ጉዞ ታሪክ ነው። ነገር ግን ቤተሰብ ዞሮ ተመለሰ ለማለት ብቻ አልጻፍነውም። ልጁ በመንገድ ላይ የጠየቀን ጥያቄ እኛንም ያላሰብነውን አሳሰበን።

መንገዱ ራሱ ታሪክ ነው

ዛሪማን የማታውቁ ቆላ መሆኗን ያዙልን። ወንዟ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ከዛሪማ ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው ሊማሊሞን መውጣት አለበት። የዛሬው የመኪና መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ቆርጦ ያወጣው ነው፤ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ከታች ያለፋችሁበት መንገድ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያችኋል። በክረምት ደግሞ ጉሙ ይመጣና ገደሉን ይሸፍነዋል። ልጆቹ በመስኮት እያዩ ዝም አሉ፤ አያታቸው ግን ማውራት ጀመረ። እሱ ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር አህያ እየነዳ ይህን ተራራ በእግሩ ወጥቷል። የት ጋ እንደሚታረፍ፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ጭነት ያዘመመ አህያ እንዴት እንደሚስተካከል ያውቃል።

ይህ ዳገት ለዘመናት ከምጽዋ ወደብ ተነስቶ በዐድዋ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ጎንደር የሚገባው የቅፍለት መንገድ ነበር። ቅፍለት ማለት ተጠባብቀው አብረው የሚጓዙ ነጋዴዎች ናቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በዚሁ መንገድ መጥቷል። በኅዳር 1769 ምጽዋ አጠገብ ካለችው አርኪኮ ተነስቶ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ነው። ሦስት ወር መሆኑ ነው። የዛሪማን ወንዝ ተሻግሮ ሊማሊሞን ሲወጣ የነበረውን ድካም በመጽሐፉ ተርኮታል። በተራራው ላይ የቀረጥ ኬላ እንደነበረም ጽፏል።

በዚህ መንገድ ላይ ምን ይመላለስ ነበር? ከባሕር ወደ ላይ ጨርቅ፣ ሐር፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኩል፣ ዶቃ፣ መስታወት ይወጣል። ከትግራይ በኩል እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ይመጣል። ወደ ባሕር ደግሞ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይወርዳል። እውነቱን እንናገር ካልን ሰውም ይወርድ ነበር። የባሪያ ንግድ በዚያ ዘመን የብዙዎች ሥራ ነበረ፤ ከእኛም ነጋዴዎች ውስጥ እጃቸው ያለበት ነበሩ። የታሪካችንን ደስ የሚለውን ገጽ ብቻ ቆርጠን ብንለጥፍ ልጆቻችን ሌላውን ገጽ ከሌላ ሰው ያነቡታል።

የዚህ መንገድ ነጋዴዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ጀበርቲ የሚባሉት ይገኙበታል። ምክንያቱ ለንግድ የተለየ ተሰጥኦ ስላላቸው አይደለም። በደጋው አገር ሙስሊም ርስት አይሰጠውም ነበር። መሬት የሌለው ሰው ደግሞ የሚኖረው በእጁና በእግሩ ነው፤ በእጁ ይሸምናል፣ በእግሩ ይነግዳል። "ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው" የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህችን አባባል ዛሬም የምታውቋት አትጠፉም። አባታችን ሊማሊሞ ላይ አነሳት። "ይህን ሲሉን እኛ ደግሞ አገር ለአገር እንሄድ ነበር" ብሎ ሳቀ።

ከግንቡ ውስጥ

ደባርቅን፣ ዳባትን አልፈን፣ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጎንደር ገባን። አድረን በማግስቱ ጠዋት ጃን ተከል ዋርካው ጥላ ሥር ተሰባሰብንና ወደ ፋሲል ግቢ ገባን።

ግቢው በእርግጥ ያስደንቃል። ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በ1636 ነው ተብሎ ይታወቃል። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ነገሥታት በየተራ የየራሳቸውን ግንብ ጨመሩ። 900 ሜትር በሚሆን ቅጥር ውስጥ የፋሲለደስ፣ የታላቁ ኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች ቆመዋል። ዩኔስኮ በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የኢያሱ ግንብ ጣሪያ የለውም፤ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 ደግሞ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ የአየር ድብደባ ጎድቶታል።

ልጆቹ ደረጃውን ወጡ፣ ወረዱ። አስጎብኚያችን ጥሩ ሰው ነበር፤ ሁሉን በትዕግሥት አስረዳን። የትኛው ንጉሥ የት እንደተኛ፣ የት ግብር እንደበላ፣ አንበሳው የት እንደታሰረ ነገረን። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዞርን። መጨረሻ ላይ ትልቁ ልጅ አያቱን እጁን ሳብ አድርጎ "አባባ፣ የእኛ ሰዎች የትኛው ቤት ውስጥ ነበሩ?" አለው።

አባታችን መልስ አልነበረውም። እኛም አልነበረንም። አስጎብኚውም ፈገግ ብሎ ዝም አለ። በዚያ ሁሉ ገለጻ ውስጥ የሙስሊም ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳም፤ ጥፋቱ ግን የአስጎብኚው ብቻ አይደለም። እኛስ መቼ ነገርነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። በማኅበራዊ ሚዲያ አንዳንድ ወንድሞቻችን "የፋሲል ግንብን ሙስሊሞች ናቸው የሠሩት" ብለው ሲጽፉ ታያላችሁ። በሌላ በኩል ደግሞ "ፖርቱጋሎች ናቸው" የሚል ሲነገር ኖሯል። በዘመኑ ግንቡን በዓይኑ ያየ ሙስሊም ጸሐፊ አለ። የየመን ኢማም መልእክተኛ ሆኖ በ1648 ጎንደር የደረሰው አል-ሐይሚ ነው። ፋሲለደስ ከየመን ጋር አዲስ የንግድ በር ለመክፈት ፈልገው ደብዳቤ ልከው ነበር፤ ምጽዋ በኦቶማኖች እጅ ስለነበረች በበይሉል በኩል እንዲሆን ነው ያሰቡት። ደብዳቤውን ባሕር አሻግሮ ያደረሰው ሙስሊም ነጋዴ ነበር። የኢማሙ ሰዎች ደግሞ ንጉሡ ወደ እስልምና ያዘነበሉ መስሏቸው ተስፋ አድርገው ነበር። ንጉሡ የፈለጉት ግን መንገድ ነበር። አል-ሐይሚ አገሩ ተመልሶ ያየውን በዐረብኛ ጻፈ። በድንጋይና በኖራ ስለተሠራው ረጅም ቤት ሲናገር የሠራው ሰው ሕንዳዊ መሆኑን ይገልጻል። ሃይማኖቱን እኛ አንጨምርለት። የኢትዮጵያ ድንጋይ ጠራቢዎችና ግንበኞች እጅ፣ በተለይም የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ድካም፣ በዚህች ከተማ ግንቦች ላይ አለበት። የሌላውን ድካም የራሳችን ማድረግ አያስፈልገንም፤ የራሳችን ይበቃናል።

የራሳችን የትኛው ነው? ለልጁ መልስ ያገኘነው ከግቢው ሳንወጣ ነው። ብሩስ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከቬኒስ የመጣ መስታወት ግድግዳ ላይ ማየቱን ጽፏል። መስታወት በራሱ አይሄድም። በገለባ ጠቅልሎ፣ በቆዳ አስሮ፣ ለመንገዱ በየኬላው ቀረጥ ከፍሎ፣ ሳይሰበር ተራራ የሚያወጣ ሰው ይፈልጋል። የባሕሩ ንግድ በማን ትከሻ ላይ እንደነበረ ደግሞ ተናግረናል። ልጁ የትናንቱን ገደል አስታወሰና "በዚያ መንገድ? መስታወት?" አለ። ግንቡ ውስጥ የገባው ሐር፣ ለእንግዳ የሚነጠፈው ምንጣፍ፣ ለምግቡ የሚገባው ቅመም እንደዚያው ነው። የእኛ ሰዎች እዚህ ግንብ ውስጥ ቤት አልነበራቸውም። ግንቡ ውስጥ ያለው ዕቃ ግን በእጃቸው ነበር ያለፈው።

ወደ ታች፦ እስላም ቤት

በዚያው ግቢ ውስጥ የዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ (1667–1682) ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሕንፃ አለ። "ጻድቁ ዮሐንስ" እየተባሉ የሚወሱት ንጉሥ ናቸው። በ1668 በእሳቸው ዘመን የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በቤተ እስራኤሎችም ላይ እንዲሁ ተወሰነ። ካቶሊኮቹ "ፈረንጆች" ደግሞ ከናካቴው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ሙስሊሞቹ ከኮረብታው ወርደው በቀሃ ወንዝ በኩል ሰፈሩ። ሰፈሩ "እስላም ቤት" ተባለ። ዛሬ "አዲስ ዓለም" የምንለው ነው።

ከጃን ተከል ተነስተን በፒያሳ በኩል ወደዚያው ወረድን። መኪና አልያዝንም፤ ልጁ በግራናዳ እንደተማረው አሮጌ ከተማ የሚታየው በእግር ነው። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ አይከብድም፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። እየወረድን ሳለ እህታችን ቆማ ወደ ኋላ ዞረች። ግንቡ ከላይ ይታያል፣ ወንዙ ከታች ነው። "ይህ እኮ ግራናዳ ነው፤ ግን ተገልብጦ" አለች። እውነት ነው። ግራናዳ ላይ ሙስሊሞች ከግንቡ ውስጥ ሆነው ገዝተው ጠፉ። ጎንደር ላይ ሙስሊሞች ከግንቡ ሥር ሆነው ኖሩ።

ሙስሊሞችን ወይም አይሁዶችን ለይቶ ማስፈር የጎንደር ብቻ ሥራ አይደለም። ቬኒስ አይሁዶቿን በ1516 በአንድ ሰፈር ዘግታ ማታ ማታ በሩን ትቆልፍ ነበር። ሊዝበንም ከተማዋ በ1147 ከሙስሊሞች እጅ ከወጣች በኋላ የቀሩትን ከግንቧ ሥር ሞራሪያ በሚባል ሰፈር አስቀምጣ ነበር፤ በ1496 የወጣው አዋጅ ደግሞ ከአገር አስወጣቸው። በዚያ ዘመን መንግሥታት በየአገሩ እንዲህ ያስቡ ነበር። በደል በየአገሩ ስለተፈጸመ ግን በደልነቱ አይቀርም። ከጎረቤትህ ተለይተህ ውረድ መባል ምን ያህል እንደሚያም የተባለ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሙስሊሙን ከአጠገቡ ያራቀው ቤተ መንግሥት ያለ ሙስሊሙ መሥራት አልቻለም። ታላቁ ኢያሱ ሐኪም በፈለጉ ጊዜ ወደ ካይሮ የላኩት ሐጂ ዐሊ የተባለ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ሐጂ ዐሊ ፈረንሳዊውን ሐኪም ፖንሴን ይዞ በሱዳን በኩል ተጉዞ በ1699 ጎንደር አስገባው። ንጉሡ ሕይወታቸውን ያሳደሩት በማን እጅ ላይ እንደሆነ ልብ በሉ።

ብሩስም በ1770 ጎንደር ሲደርስ መጀመሪያ ያረፈው በዚሁ የሙስሊሞች ሰፈር ነው። የመንግሥት ጥበቃ እስኪያገኝ ድረስ ማንም ሳይነካው ደኅና የሚሆንበት ቦታ ይህ መሆኑ ተነግሮት ነበር። ስለ ሰፈሩ ሲጽፍም ከወንዙ ማዶ 1,000 ያህል ቤት ያለው ትልቅ ከተማ እንደሆነ፣ ነዋሪዎቹም ታታሪና ሠራተኞች እንደሆኑ ይናገራል። ንጉሡና መኳንንቱ ሲዘምቱ ድንኳን የሚተክሉት፣ የሚነቅሉት፣ በቅሎ የሚጭኑትና ጓዙን የሚመሩት እነዚህ ሙስሊሞች ነበሩ። የራሳቸው አለቆችም ነበሯቸው። በጦርነቱ ግን በማንም ወገን አይሰለፉም፤ አይፈቀድላቸውም፣ እነሱም አይፈልጉም። የነጋዴው አለቃ ነጋድራስም ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነበር፤ ቀረጥ ሰብስቦ ለቤተ መንግሥቱ ያስገባል።

እዚህ ላይ ልጁ ሒሳብ ሠራ። "ከ1668 ከሆነ ከ350 ዓመት በላይ እዚህ ነበሩ ማለት ነው?" አለ። አዎ፣ ግን ሳይቋረጥ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ፤ ጎንደርንም ራሷን ዘረፏት፣ አቃጠሏት። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ያወጡት ትእዛዝ ብዙ ሙስሊሞችን ከነቤተሰባቸው ወደ መተማና ወደ ሱዳን አሰደደ። እንደገና እውነቱን እንናገር፦ በ1888 ከሱዳን የመጣው የማህዲስቶች ጦር ደግሞ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፣ ሰው ገደለ፣ ማረከ። ያ ጦር በእስልምና ስም ነው የመጣው። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን አያቶች ይህን ያስታውሳሉ፤ የእኛ አያቶች ደግሞ ያኛውን ያስታውሳሉ። የሁለቱንም ቁስል የማያውቅ ሰው ስለ ጎንደር ብዙ ባይናገር ይሻላል።

ከዐስር ሰላት በኋላ

አዲስ ዓለም የደረስነው ለዐስር ሰላት ነው። ሰፈሩ ለቱሪስት የተሰናዳ አይደለም። ቲኬት የለም፣ አስጎብኚ የለም፣ "እዚህ ቦታ ይህ ሆነ" የሚል ጽሑፍም አላየንም። ቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች፣ ጠባብ መንገዶች፣ ሱቆች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ የሚፈላ ቡና ሽታ። የእህታችን ትንሿ ልጅ "አሮጌው ከተማ መቼ ነው የምንደርሰው?" አለችን። ደርሰን ነበር።

ሰገድን። አባታችን አጠገቡ ከሰገዱት አንድ አዛውንት ጋር ሰላም ተባባለ። "ከየት ናችሁ?" አሉ። "ከዛሪማ" አለ አባታችን። "አሃ፣ የሊማሊሞ ሰዎች!" አሉና እጁን እንደገና ጨበጡት። ከዚያ በኋላ እኛን ረሱን። የትኛው መንደር ማን ይኖር እንደነበር፣ የማን ቤተሰብ ከማን ጋር ተጋባ፣ ከዚህ የተነሳ ጭነት የት የት ያድር እንደነበር ሲያወሩ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። አዛውንቱ እናታቸው ፈትል ስትፈትል፣ አባታቸው ሲሸምኑ እንዳደጉ ነገሩን። ለጎረቤት ክርስቲያኖች የጥምቀት ነጠላ የሚሠራው በዚህ ሰፈር እጅ እንደነበርም አጫወቱን። "አሁን ልጆቼ ይህን አይጠይቁኝም፤ ስነግራቸውም ስልክ ያያሉ" አሉ። በቁጣ አላሉትም፤ እኛ ግን ስልካችንን ወደ ኪሳችን አስገባን።

ትልቁ ልጅ ጠጋ ብሎ "እዚህ መኖር አትፈሩም?" ብሎ ጠየቃቸው። እናቱ ደነገጠች። ልጁ ግን አውሮፓ ሆኖ የ2014 ዓ.ም.ን ሚያዝያ ሰምቷል። በዚያ ረመዳን በዚህች ከተማ በቀብር ላይ በተነሳ ግጭት ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ መስጂዶችና ሱቆች ተቃጠሉ። በቀናት ውስጥ ደግሞ በሌላ የአገራችን ክፍል አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። አላህ የሞቱትን ይማር፣ የተጎዱትን ይካስ።

አዛውንቱ ወዲያው አልመለሱም። ጥቂት ቆይተው "ልጄ፣ ፈርተናል። ያልፈራ የለም" አሉ። "ነገር ግን የት እሄዳለሁ? አባቴ እዚህ ተቀብሯል፣ አያቴ እዚህ ተቀብሯል። በማግስቱ እህል ይዛ በሬን ያንኳኳችው ክርስቲያን ጎረቤቴ ናት። እሷንስ ለማን ትቼ እሄዳለሁ?"

ከዚህ በላይ ምንም አልጨመሩም። እኛም አንጨምርበትም።

ለምን ይህን ጻፍን?

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያ ጉዞ በኋላ አንድ ነገር ግልጽ ሆኖልናል። ግራናዳ ላይ ግንቡ አለ፤ የሠሩት ሰዎች ግን የሉም። ስለዚህ ቱሪስት ፎቶ ያነሳል፣ ያደንቃል፣ ያዝናል፣ ይሄዳል። ጎንደር ላይ የእኛ ግንብ የለም፤ ሰዎቹ ግን አሉ። የእኛ ቅርስ በድንጋይ አልተጻፈም። በአዛውንቱ አእምሮ፣ በሽማኔው እጅ፣ በሊማሊሞ አሮጌ የእግር መንገድ ላይ ነው ያለው። ድንጋይ ቢረሱት እንኳ 300 ዓመት ቆሞ ይጠብቃል። ሰው ግን አይጠብቅም። በዚህ ዓመት ያልጠየቃችሁትን አያት በሚቀጥለው ዓመት ላታገኙት ትችላላችሁ።

ብዙዎቻችን በከተማ የምናድግ ወጣቶች "አገር የለው" የሚለው አባባል በሆነ መንገድ ውስጣችን ገብቷል። በ1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አደባባይ ወጥተው እኩልነት ሲጠይቁ አንዱ ጥያቄያቸው "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" አትበሉን፣ "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" በሉን የሚል ነበር። ያ ጥያቄ በወረቀት ላይ መልስ አግኝቷል። በልባችን ግን አንዳንዴ ገና እንግዳ ነን። ከዚህ ስሜት የሚያወጣን በኮሜንት መሰዳደብ አይደለም፤ የሌለ ታሪክ መፍጠርም አይደለም። የነበረውን ማወቅ ነው።

ስለዚህ ቀላል ነገር እንጠይቃችሁ። በሚቀጥለው ዕረፍት ቤተሰባችሁን ይዛችሁ የምትኖሩባትን ከተማ አሮጌ ሰፈር በእግራችሁ ዙሩ። ጎንደር ያላችሁ ከፋሲል ግቢ ወጥታችሁ እስከ አዲስ ዓለም ውረዱ። ደሴ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐረር፣ አዲስ አበባ መርካቶ ያላችሁም እንዲሁ። አንድ አዛውንት ፈልጉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አባትህ ምን ይሠራ ነበር? ከየት መጣ? ጎረቤቱ ማን ነበር? መልሱን በቀኑ በደብተር ጻፉት። ሦስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። የሙስሊሙ ታሪክ ያለ ክርስቲያን ጎረቤቱ፣ የክርስቲያኑም ታሪክ ያለ ሙስሊም ጎረቤቱ ጎዶሎ ነው።

ወደ ዛሪማ ስንመለስ ሊማሊሞ ላይ መኪናውን አስቆምን። ጉሙ ተገልጦ ነበር። አባታችን በዱላው ወደ ታች እያመለከተ በአህያ ይሄዱበት የነበረውን አሮጌ መንገድ ለልጆቹ አሳያቸው፤ ሣር ውጦታል፣ ግን ይታያል። ትልቁ ልጅ ፎቶ አነሳ። ማታ ቤት ሲገባ ስልኩን ለአያቱ ከፈተለት። የሊማሊሞውን መንገድ ከአልሃምብራ ፎቶ ቀጥሎ አስቀምጦታል።

አላህ አዛውንቶቻችንን በዕድሜና በጤና ያቆይልን። አገራችንን ሰላም ያድርግልን። ከተሳሳትን ይቅር ይበለን፤ ያወቃችሁት ካለ በአስተያየት መስጫው ጻፉልንና እንማማር። ወላሁ አዕለም።